የኩል ድንጋይ ዝገት

እንግዳው እንደ ሰው አልጋው ላይ አልሞተም። ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲለው አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል በደረቱ እየተሳበ ከክፍሉ ወጣና የውሃ በርሜሉን እንዳቀፈ ቀረ። የግቢው ወጥ ሠሪ ባየሽ ጠዋት እሳት ልታነድ ስትወጣ ያገኘችው እንደዚያ ነው። ዝንቡ ቀድሟት ደርሷል።

«ኧረ የሰው ያለህ! ኮሌራ ገባ!» ብላ ጮኸች።

ኮሌራ ቢሆን በስንት ጣዕሙ!

ሟቹ እንግዳው የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የማዕድን ጥናት ቡድን አለቃ ነበር። ቡድኑ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ሱዳን ከገባ ሰሊጥ ነጋዴ በተወረሰ ግቢ ሰፍሮ፣ ሽንፋ አጠገብ ካለ ተራራ አንቲሞኒ ይፈልጋል። አንቲሞኒ ሌላ አይደለም፤ ሴቶቻችን ከሚኳሉት ጥቁር የኩል ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ ብረት ነው። እርሳስ ላይ ሲጨመር ያጠነክረዋል፤ ጥሩ ጥይት ይወጣዋል። ጊዜው መጋቢት 1970 ነውና መንግሥት ከእህል ይልቅ ጥይት ይርበው ነበር።

የአካባቢው ካድሬ ጓድ ውባንተ ደረሰ። ሬሳውን ለአመል ያህል አየት አደረገ፤ ከአልጋው አጠገብ የተገኘውን ኩባያ ግን አገላብጦ አየ። ሟቹ ማታ የጠጣበት ነው። የጠጣው የሁመር ውሃ ነው፤ ሱዳኖቹ አርደብ የሚሉት ጎምዛዛ ፍሬ ተዘፍዝፎ የሚጠጣ፣ ቆላ የከረመ ሰው ሁሉ ሙቀቱን የሚገፋበት። ከኩባያው ሥር ነጭ ዱቄት ዘቅጧል።

ከዚያ ወዲያ ማሰብ ለምኔ! ሁመሩን ያመጣችው ሐሚዳ ናት። ሐሚዳ ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ተወልዳ መተማ ያገባች፣ ባሏ የሞተባት፣ ኩልና ሁመር እየቸረቸረች የምትኖር ሴት ናት። ሱቋ ሲፈተሽ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጣሳ ነጭ ዱቄት ተገኘ። ባለፈው ዓመት ከተማዋን ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ ይዟት ስለነበር ከድንበር ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ በውባንተ ዓይን ሰላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ሐሚዳ የፊጥኝ ታስራ ሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ ተወረወረች።

ሟቹ የመንግሥት ባለሙያ በመሆኑ የፖሊስ ፊርማ ያስፈልግ ነበርና በማግስቱ መቶ አለቃ ያረጋል ከጎንደር መጣ። ያረጋል አጭር፣ ደንዳና፣ ሲያዩት እንቅልፉን ያልጨረሰ የሚመስል ሰው ነው። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦሎጂ ጀምሮ ነበር። «ድንጋይ አይዋሽም፤ እኔ ደግሞ የሚዋሽ ነገር ነው የምወደው» ብሎ ተወው። በዚያ ዘመን ለፖሊስ ውሸታም መቼም አይጠፋም።

«ቶሎ ፈርምና ተመለስ» አለው ውባንተ፤ ወንበር እንኳ አላቀረበለትም። «ነገ ከሰዓት በኋላ ገበያው ላይ ትረሸናለች። እርምጃ ተወስዷል ብዬ ለበላይ አካል ሪፖርት አድርጌያለሁ።»

«ሳትረሸን?»

«ሪፖርት ነው የሚቀድመው።»

«እንግዲያው እስከ ነገ ጊዜ አለኝ» አለ ያረጋል፤ ኩባያውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወጣ።

ሬሳው ተቀብሯል። የሟቹ ክፍል ግን እንዳለ ነው። ያረጋል የሟቹን ማጉያ መነጽር ከምስማሩ ላይ አውርዶ፣ ከኩባያው ሥር የደረቀውን ዱቄት ወረቀት ላይ ጠርጎ መስኮቱ ዳር ቆመ። ብዙ አየ። ከዚያ ጥቂቱን በጥፍሩ ደፍጥጦ እንደገና አየ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ለራሱ። የፈጨው ሰው በደንብ አላላመውም።

ባየሽን ኩሽናዋ ድረስ ሄዶ አገኛት።

«እትዬ ባየሽ፣ ሁመሩን ማን ዘፈዘፈው?»

«እኔ ነኝ እንጂ፣ ሌላ ማን አለ? ጠዋት ሐሚዳ አመጣችልኝ፤ በማሰሮ ዘፍዝፌ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታሁት። ማታ ከተራራው ሲመለስ ቀድቶ ይጠጣል። ልማዱ ነው።»

«ቀን በዚያ በኩል ማን ያልፋል?»

«ማን የማያልፍ አለ! ኬሚስቱ ቸሩ ክፍሉ ጎን ለጎን ነው። ጓድ ውባንተም እንደ ቤቱ ይገባል፣ ይወጣል። እኔም አለሁ። መርማሪ አይደለህ? እኔንም ጻፈኝ!»

«እጽፍሻለሁ። የሐሚዳን ዱቄት የሞከረው ሰው አለ?»

ባየሽ ወደ በሩ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጓድ ውባንተ በውሃ በጥብጦ ዶሮዬን ጋታት። ትሞታለች ብሎ ቢጠብቅ፣ እንኳን ልትሞት ዛሬ ጠዋት እንቁላል ጣለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተናደደና አሳርዶ በላት። ኋላ ቸሩ ‹ይህ ነገር ውሃ ላይ አይሟሟም፤ ሁመር ላይ ግን ሟሙቶ መርዝ ይሆናል› ብሎ አጽናናው።»

ያረጋል ሊስቅ ነበር፤ ተወው።

መጋዘኑ የሰሊጥ አቧራ ያፍናል። ሐሚዳ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። በጥያቄ ሰዓት የተደረገ ነው።

«ነጩን ዱቄት ከየት አመጣሽው?» አላት ያረጋል፤ ገመዷን እየፈታ።

«ወላሂ፣ ከኩሌ ነው። የሽንፋ ሰዎች ከተራራው ቆፍረው ድንጋዩን ያመጡልኛል። ድንጋዩ ሲያረጅ ላዩ ነጭ ይሆናል። ነጩን ካልፋቅሁት ኩሉ ዓይን ይለበልባል።»

«ከፋቅሽው አይቀር ለምን አትጥይውም?»

«የት ልጣለው? የሰው ፍየል ይልሰዋል። ሕፃን ስኳር መስሎት ይልሰዋል። በጣሳ አድርጌ ከደንሁት። ይኸው ደግ ሥራዬ!» አለችና በደኅናው ዓይኗ አየችው። «እንግዳው ወዳጄ ነበር። ሱቄ መጥቶ ድንጋዬን በመነጽሩ እያየ ‹መርፌ በመርፌ ነው እኮ› እያለ ይስቃል። እኔ ምን ብዬ ልግደለው?»

ያረጋል የፈታውን ገመድ ጠቅልሎ ጥግ ላይ ጣለው።

«ነገ ነው አይደል?» አለች። «ልብሴን እንዳይገፉኝ ንገርልኝ። ሌላ አልለምንህም።»

ያረጋል ለማስረጃ ከሱቋ ከመጡት የኩል ድንጋዮች አንዱን ከነነጭ ቅርፊቱ ኪሱ ከተተ። ሲወጣ ለዘቡ ውሃ እንዲሰጣት አዘዘው፤ ዘቡ ግን አልሰጣትም።

ቸሩ የላቦራቶሪ ክፍሉን እንደ ቤተ መቅደስ አጽድቶ የሚይዝ፣ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ተቀበለው፤ ወንበርም አቀረበለት።

«እንግዳው ጓደኛዬ ነበር» አለ። «አንድ ገበታ ነው የበላነው።»

«የሐሚዳን ዱቄት መረመርከው?»

«መረመርሁት። አንቲሞኒ ኦክሳይድ ነው፤ የኩባያውም እሱው ነው። አንድ ናቸው።»

«ይኼ በብልቃጡ ያለውስ?»

«ከውጭ አገር የመጣ ማነጻጸሪያ ነው፤ ንጹሕ ኦክሳይድ። በእሱ እያስተያየሁ ነው የተራራውን ናሙና የምለካው። ቁልፉ ከእኔ አይለይም።»

ያረጋል ብልቃጡን ብድግ አደረገው። ከግማሽ በታች ነው። «መጻሕፍቱ ላይ ሁለት ስም አለው መሰለኝ፤ ቫለንቲናይትና ሴናርሞንታይት።»

ቸሩ ፈገግ አለ። «ስም ማብዛት የጂኦሎጂስቶች አመል ነው። ቀመሩ አንድ ነው፤ ሁለት አንቲሞኒ፣ ሦስት ኦክሲጅን። ለእኔ አንድ ነገር ነው።»

«ደክሞሃል፤ ፊትህ ገርጥቷል።»

«ታናሽ ወንድሜ ፈንቴ ጎንደር ታስሯል። ተማሪ ነው፤ ልጅ ነው። ሥራው ከተሳካ ጓድ ውባንተ ሊያስፈቱልኝ ቃል ገብተውልኛል። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።»

ያረጋል «ፈንቴ» የሚለውን ስም ሲሰማ ቀና ብሎ አየው፤ የሚናገር መስሎ ነበር፤ ብልቃጡን አስቀምጦ ወጣ። ከግቢው ተራራው ድረስ ሄዶ በእጁ ድንጋይ ሰብሮ ተመለሰ። ወደ አዲስ አበባ ሊላኩ የተሰፉትን የናሙና ከረጢቶችም አስከፍቶ በመነጽሩ አየ። ሲመለስ ፊቱ ጨልሞ ነበር፤ ነገሩ ተገልጦለት ሳለ ደስ ያላለው ሰው ፊት ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለውባንተ «ሕዝቡ ባለበት ላስረዳ» አለው። «ለትምህርት ይሆናል። ዘቦቹም ይምጡ፤ ለእነሱም ንቃት ነው።»

ንቃት የሚለውን ቃል የሰማ ካድሬ እንዴት እንቢ ይላል! «ሁሉም ይሰብሰብ» አለ ውባንተ።

ከስብሰባው በፊት ያረጋል ሐሚዳን ለመጨረሻ ጊዜ አናግሮ የመጋዘኑን በር ራሱ ዘጋ። ባየሽንም ኩሽናዋ ውስጥ ጥቂት አናገራት፤ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች።

ግቢው መሐል ካለው የኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ወጣ። ውባንተ ሽጉጡን ታጥቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቸሩ ከጎኑ ነው። ዘቦቹና የሠፈሩ ሰዎች መሬት ላይ ተደረደሩ። ያረጋል አራት ወረቀት ዘረጋ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁንጥር ነጭ ዱቄት አለ።

«ይኼ ከሟቹ ኩባያ፣ ይኼ ከሐሚዳ ድንጋይ የተፋቀ፣ ይኼ ከላቦራቶሪው ብልቃጥ፣ ይኼ ደግሞ አዲስ አበባ ሊሄድ ከታሰረ የተራራ ናሙና የተለቀመ ነው። ቸሩ፣ እባክህ አራቱንም በየተራ ከሰል ላይ አድርገህ ነበልባሉን በቧንቧ ንፋልን።»

ቸሩ ነፋ። አራቱም ቶሎ ቀለጡ፤ ነጭ ጭስ ወጣቸው፤ ከሰሉ ላይ ነጭ አመዳይ ጋግረው መሐሉ ላይ የምታብረቀርቅ ፍሬ ተዉ።

«አየህ፣ አንድ ናቸው» አለ ቸሩ።

«በቀመር አንድ ናቸው» አለ ያረጋል። «የኩል ድንጋይ እንደ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱ ግን ነጭ ነው። ጨው የመሰላችሁ እንደሆነ እጃችሁ ላይ አድርጉት፤ ከጨው እጥፍ ይከብዳል። ለስላሳ ነው፣ በሳንቲም ይፋቃል። ውሃ አያሟሟውም። ለዚህ ነው የእትዬ ባየሽ ዶሮ ያልሞተችው።»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ውባንተ ቀና ሲል ሳቁ ተዋጠ።

«ሁመር ውስጥ ያለው ጎምዛዛ ነገር ግን ያሟሟዋል። ፀሐይ ላይ ሲውል ደግሞ ይብስ። የዚያን ጊዜ መርዝ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው የገደለው። አሁን ልብ በሉ። ይህ ዝገት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው መርፌ መርፌ ሆኖ ይበቅላል፤ ቫለንቲናይት ይሉታል። ሲሰበር ስንጥር ነው፤ ስንጥሩም ሲሰበር ስንጥር ነው። ሁለተኛው ስምንት ገጽ ይዞ ይወጣል፤ ሴናርሞንታይት ነው። ውሃ ዳር የተተከለ ባለ አራት ማዕዘን ድንኳን፣ ውሃው ላይ ከሚታየው መልኩ ጋር አስቡት። ይኼኛው ስንጥር አያውቅም፤ ቢሰብሩት ድብልብል ነው።»

አንድ ሽማግሌ ዘብ እጁን አወጣ። «እኔ አልገባኝም።»

«አልገባቸውም» አለ ያረጋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሳይቸኩል፣ ድንኳኑን በጣቱ አፈር ላይ እየሣለ ደገመው። ከዚያ መነጽሩን ለእያንዳንዱ ሰው አሳለፈ፤ ሁሉም እንዲያይ ጠበቀ።

«አሳጥረው!» አለ ውባንተ።

«ጨረስሁ፣ ጓድ። ተራራውን ራሴ ሄጄ ሰብሬ አየሁት፤ መርፌ ብቻ ነው። የሐሚዳም ድንጋይ ከዚያው ነውና መርፌ ነው። ኩባያው ውስጥ ያለው ግን ድብልብል ነው፤ የስምንት ገጽ ስባሪ። አንድም ስንጥር የለበትም። ስለዚህ መርዙ ከሐሚዳ ጣሳ አልወጣም። መተማ ውስጥ ስምንት ገጽ ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የቸሩ ብልቃጥ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቸሩ ዞረ። ቸሩ ከሰሉን ነበር የሚያየው።

«እሱ ሁለቱን አንድ ነገር ነው ብሎ ያምናል» አለ ያረጋል። «ለኬሚስት ቀመሩ አንድ ከሆነ አንድ ነው። በሐሚዳ ይሳበባል ብሎ ከገዛ ብልቃጡ ቆነጠረ። ሟቹ ግን የድንጋይ ሰው ነበር፤ በቅርጽም ይለይ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከረጢት ውስጥ ስምንት ገጹን ያየ ጊዜ ገባው። የሽንፋ ተራራ ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ሀብታም አስመስሎ ያወጣው ከብልቃጡ የተነሰነሰበት ዱቄት ነው። እንግዳው ይህን ሊያጋልጥ ነበር። ተሳሳትሁ፣ ቸሩ?»

«እንዲምረኝ ለመንሁት» አለ ቸሩ። ድምፁ በጭንቅ ነበር የሚሰማው። «‹ወንድሜ እስኪፈታ ዝም በልልኝ› ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹በውሸት ሰው አይፈታም› አለኝ። ፈንቴን ብሎ ነው እጄ የሄደው። ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት አልሞላውም። አዎ፣ ገደልሁት። ሌሊት ሲጮኽ በግድግዳው በኩል እየሰማሁት አደርሁ። አልወጣሁም።»

ያረጋል የሚቀጥለውን ሳይናገር ሊተወው ይችል ነበር። ሰውየውን ጠልቶት ይሆን፣ አዝኖለት ይሆን፣ እኔ እንጃ። ተናገረው።

«ፈንቴን ኅዳር ላይ ከከተማ ውጭ ተረሽኖ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ኪሱ ውስጥ የተማሪ መታወቂያው ነበር። ቤተሰብ እንዳያለቅስ ተከልክሏል። ጓድ ውባንተም ያውቃሉ፤ ዝርዝሩ ለእሳቸውም ደርሷቸዋል።»

ቸሩ ወደ ውባንተ ዞረ። «ባለፈው ሳምንት ሰላም ብሎሃል አልከኝ እኮ» አለ። «ሰላም ብሎሃል አልከኝ!»

ውባንተ ተነሣና የሱሪውን አቧራ አራገፈ። «ጥሩ ትምህርት ነው» አለ። «አሁን እኔ ልናገር። ተራራው ሀብታም ነው። ሀብታም ነው ብዬ ለበላይ አካል የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልሳሳትም። ተራራው ሀብታም ከሆነ ኬሚስቱ ንጹሕ ነው፤ ለአብዮቱም ያስፈልጋል። ገዳይዋ አረቧ ናት። አውጧት!»

ሁለት ዘቦች ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«ጓድ... የለችም። በሩ አልተቆለፈም ነበር።»

ውባንተ ዞሮ አየው። ያረጋል የሟቹን መነጽር በመሐረቡ እየጠረገ ነበር።

«ድንበሩ ቅርብ ነው» አለ ያረጋል። «ስምንት ገጹን ሁለት ጊዜ ያስረዳሁት እርስዎ እንዲገባዎት ብዬ አይደለም።»

 ውባንተ የመጀመሪያ ንዴቱን ዋጠው፤ የዋጠው ንዴት ከወጣው የከፋ ነው። «አንድ ሰው ተረሽኗል ብያለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ሰው ይረሸናል። ትጥቁን ፍቱት።»

ሽማግሌው ዘብ የያረጋልን ቀበቶ ፈታ። «አሁን ገባኝ» አለው በጆሮው፤ ምኑ እንደገባው እግዜር ይወቅ።

ቸሩን ማንም አልነካውም። ትከሻውን ይዘው ላቦራቶሪው ውስጥ አስቀመጡት፤ ለተራራው አዲስ ውጤት እንዲያወጣ ታዘዘ። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲሰበሰብ እሱ እዚያው ነበር፤ ወንድሙን በገደሉበት ሰዎች ሚዛን ላይ ነጭ ዱቄት ይመዝናል።

ገላባት ውስጥ ሐሚዳ ከአክስቷ ዳስ ጥላ ሥር ውሃ እየጠጣች ነበር። ድንበሩን ያሻገረቻት ባየሽ ወደ መተማ ፊቷን አዙራ ቆማለች። ተኩሱ ከማዶ ሲሰማ ሐሚዳ ውሃውን ጣለችና ደረቷን ያዘች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እየሳቀችም እያለቀሰችም። «እኔን አይደለም! ባየሽ፣ እኔን አይደለም እኮ!»

ባየሽ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።